ቃል ከመስመር ሲተርፍ፦ የአራዳ ፊደል ለቃሚዎች ብልሃት

የፖላንድ አታሚ አንድ ረጅም ስም ከመስመሩ ሲተርፍበት እንዳሻው አይቆርጠውም። የክፍለ ቃሉን ድንበር ፈልጎ ይቆርጥና ጭረት ያኖርበታል። የአራዳ አታሚ ግን ለብዙ ዘመን ጭረት አላስፈለገውም ነበር።

ራስ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ዛሬ አራዳ ክፍለ ከተማ በሚባለው ክልል ይገኛል። ስሙን የተጋራው ጋዜጣ የመጀመሪያ እትም የወጣው ታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያስ «አእምሮ»ን ሲጀምር ጋዜጣው በእጅ እየተገለበጠ ነበር የሚታደለው።

የእርሳስ ፊደል ሲመጣ ፊደል ለቃሚው ሥራው በዛ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎች፣ አኃዞችና ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያም ያልፋሉ። ቃል መቁረጥ ግን ቀላል ነበር። ከብራና ጸሐፊዎች በተወረሰው ልማድ መሠረት መስመሩ በሞላበት ፊደል ላይ ይቆማል፤ የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። አንባቢም አይሳሳትም፤ በመስመሩ መጨረሻ ሁለት ነጥብ ከሌለ ቃሉ ገና አላለቀም።

ይህ ልማድ ግን ስለ ቃሉ አሠራር ምንም አይነግርም። «ደብተሮቻችንን» የሚለውን እንመልከት። ሲጻፍ ስምንት ፊደል ነው፤ ሲነገር ግን ደብ-ተ-ሮ-ቻች-ች-ንን ተብሎ ስድስት ክፍለ ቃል ይሆናል። ሳድሱ «ብ» ከፊቱ ካለው «ደ» ጋር ይጣበቃል፤ የሚጠብቀው «ች» ደግሞ አንዴ ተጽፎ ለሁለት ይከፈላል። የቃሉ ብልቶች «ደብተር»፣ «-ኦች»፣ «-ኣችን» እና «-ን» ናቸው። የ«ደብተር» መጨረሻና የብዙ ቁጥሩ መጀመሪያ የሚገናኙት «ሮ» ውስጥ ነው፤ «ቻ»ም እንዲሁ የብዙ ቁጥሩን መጨረሻና የባለቤትነቱን መጀመሪያ ይዟል። ስለዚህ የትኛውም ለቃሚ ፊደል ሳይሰነጥቅ እነዚህን ብልቶች መለየት አይችልም።

ፊደል መሰንጠቁን ያመጣው የጽሕፈት መኪና ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ሲሠሩ 231ዱን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ስለማይቻል የእናት ፊደሉን ቅርጽና የአናባቢውን ምልክት ለያዩት። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል እንደገና ሙሉ ሆነ።

በዚህ መካከል የጠፋው ሁለት ነጥብ ነው። በዛሬው ኅትመት ቃልን ከቃል የሚለየው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ በመስመር መጨረሻ ላይ አይታይም። ቃል ያለ ምልክት ከተቆረጠ አንዱ ሁለት ይመስላል፤ ካልተቆረጠም በጠባብ የጋዜጣ ዓምድ ላይ በየመሐሉ ሰፊ ክፍተት ይፈጠራል። አታሚዎችና አዘጋጆች ወይ ሁለት ነጥብን ይመልሱ፣ ወይ በጭረት ላይ ይስማሙ።