ከአዋጅ ተከላ ወደ ማኅበር፦ የእንጦጦ ደንና የፐርማካልቸር መረቦች ታሪክ

ሀ. መግቢያ

አንድ የመሬት አያያዝ ስልት ከአገር ወደ አገር የሚዛመተው በዘሩና በመሣሪያው ጥራት ብቻ አይደለም፤ ስልቱን በሚያዛምተው ድርጅት ጠባይም ጭምር ነው። ከየካ በላይ እስከ እንጦጦ ጫፍ ተረተሩን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ለዚህ አንድ ማስረጃ ነው። ደኑ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያስቆጥርም፣ የሚጠብቀውና የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ የሚነሣው ጥያቄ ዛሬም አልተቋጨም።

ለ. ከበላይ የመጣ ተከላ

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ ባደረጉበት በ1870ዎቹ፣ የአካባቢው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላም የእንጨት እጦቱ ስላልቀረ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ መሠራት ተጀምሮ ነበር። ከተማይቱን ከመዛወር ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መንግሥት ስላበረታታውና ባለርስቱም ስላተረፈበት ከጊዜ በኋላ ተራራውን አለበሰ።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ ተከላው በመንግሥት ድርጅቶችና በዘመቻ ቀጠለ። ሆኖም ተካዩና ተጠቃሚው የተለያዩ ነበሩ። በየዕለቱ ዳገቱን ወጥተው ከባድ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ድኾች ሴቶች በደኑ ዕቅድ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም። ወደ አፈርነት መለወጥ የነበረበት የረገፈ ቅጠልም ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰድ ነበር። አፈሩ ራቁቱን ሲቀር ክረምቱ አጥቦት ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ያወርደዋል። ስለዚህ ጉድለቱ የዛፉ ብቻ ሳይሆን የአደረጃጀቱም ነበር።

ሐ. የሌሎች አገሮች ልምድ

ፐርማካልቸር የሚለውን ስም የሰጡት አውስትራሊያውያኑ ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን ሲሆኑ፣ መጽሐፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ዋና ሐሳቡም ዛፍን፣ አትክልትን፣ ከብትን፣ ውሃንና መኖሪያ ቤትን አንዱ ሌላውን እንዲረዳ አድርጎ ማቀናጀት ነው። መረቡ የተስፋፋው በማዕከላዊ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ሳይሆን በ72 ሰዓት ኮርስ ነው። ኮርሱን የጨረሰ ሰው ልምድ ካካበተ በኋላ በአገሩ ሌሎችን ያስተምራል። ይህ መንገድ ፈጣን ቢሆንም፣ ለኮርስ የሚከፍለው ገንዘብ የሌለው ገበሬ በቀላሉ አያገኘውም።

ዚምባብዌ ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1988 የፋምቢድዛናይ ማሠልጠኛ ከተቋቋመ በኋላ ሥራው ወደ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ የትምህርት ቤቱ ግቢም የመማሪያ ማሳ ሆነ። በኩባ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት መፍረስ በኋላ ነዳጅና ማዳበሪያ በመጥፋቱ ትምህርቱ በሃቫና ነዋሪዎች ጓሮና ጣሪያ ላይ ተስፋፋ። አንዱን መረብ ኮርስ፣ ሌላውን ትምህርት ቤት፣ ሦስተኛውን ችግር ወለደው።

በኢትዮጵያም ስሙ ሳይመጣ ግብሩ ነበር። የኮንሶ እርከን፣ የሲዳማና የጌዴኦ እንሰትና ቡና የተቀናጀበት ጓሮ ለዚህ ምስክር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ የተሳተፉበት የትግራይ የኮምፖስት ሥራ የተጀመረው በጥቂት ቀበሌዎች ሲሆን፣ ሥራውን ያስፋፋው ጎረቤት የጎረቤቱን ማሳ ማየቱ ነው።

መ. ወደ እንጦጦ መመለስ

በእንጦጦ ግርጌ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው በሽመና መተዳደር መጀመራቸው፣ ደንን ለመጠበቅ አስቀድሞ የሰውን ኑሮ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ያሳያል። አገር በቀል ዛፎችን ለመመለስ የተደረገው ጥረት፣ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ተራራውን አዲስ ምዕራፍ ውስጥ አስገብተውታል። ነገር ግን ሥራው የሚመዘነው በተተከለው ችግኝ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ የጸደቀውን የሚቆጥር አይኖርም።

ሠ. ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ሦስት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ ተማሪ በስሙ የሚንከባከበው መደብ ከሌለው የሰማውን ቃል እንጂ ስልቱን ወደ ቤቱ አይወስድም። ሁለተኛ፣ በየካና በኮተቤ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተራራው በቅርባቸው ስለሆነ፣ ዘርና ልምድ ቢለዋወጡ ያለ ብዙ ወጪ መረብ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ ከተማሪዎቹ መካከል እናቱ እንጨት ተሸክማ የምታሳድገው ሊኖር ስለሚችል፣ ስለ ደን የሚሰጠው ትምህርት እናቲቱን የሚወቅስ ሳይሆን አማራጭ የሚያሳያት መሆን አለበት። በአዋጅ የተተከለ ዛፍ ይበቅላል፤ ዘወትር የሚጠብቀው ግን በጥቅሙ ድርሻ ያለው ሰው ነው።