አሮጌን ማደስ፣ አሮጌን ማረም

የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው ስፌቱን ያስታውሳል። ቆዳው ሲፋቅ የተበሳው ቦታ ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ቃሉን ከቀዳዳው ወዲያና ወዲህ ከፍሎ ያልፋል። ጉድለቱን የሚሸሽግ የለም። ዘመን አልፎ መጽሐፉ ሲያረጅ ግን አዳሹ ሁለት መንገድ ይገጥመዋል፤ የጎደለውን ጠግኖ የቀረውን ማቆየት፣ ወይም የቀድሞውን ፍቆ የተሻለ የመሰለውን መጻፍ። ሁለቱም «ማደስ» ይባላሉ። ይኸው ጥያቄ ከመጻሕፍት ቤት ወጥቶ ጋራዥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ የአንድ የስፖርት መኪና ታሪክ እንከተል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

በመስከረም 1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ የጀርመኑ ፖርሸ አዲስ መኪና አቀረበ። ቅርጹን ያወጣው የመሥራቹ የልጅ ልጅ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሸ ነው። ስሟ 901 ነበር። ነገር ግን የፈረንሳዩ ፔዦ መካከላቸው ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስሞች የእኔ ናቸው ብሎ በመቃወሙ፣ በ1964 ስሟ 911 ተባለ። በዚህ ስም እስከ ዛሬ ትመረታለች።

የመኪና ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው ሞተሩ ነው። ሆኖም መኪና የሚያረጀው ከሁሉ በፊት በሚነካበት ቦታ ነው። ከላይ ሰው ይነካዋል፤ የወንበሩ ጨርቅ ይሳሳል፣ ስፖንጁ ይሟሽሻል፣ ዳሽቦርዱን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ከታች መንገዱ ይነካዋል፤ ጎሚኒው ይደርቃል፣ ሾክ አብዞርበሩ ዘይቱን ያፈሳል። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ትዝታ በብዛት የተጻፈው በነዚህ ሁለት ስፍራዎች ነው። አዳሹም መጀመሪያ የሚያወጣውና የሚጥለው እነዚህኑ ነው።

የ911 እግር የራሱ የዘር ሐረግ አለው። አያትየው ፈርዲናንድ ፖርሸ በ1931 በሽቱትጋርት ቢሮውን በከፈተበት ዓመት አንድ የፈጠራ ሐሳብ አስመዘገበ። በተጠቀለለ ሞላ ፈንታ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይገባል። የዘንጉ አንዱ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይያያዛል። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ዘንጉ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል፤ ሲፈታም ጎማውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በአዲስ አበባ መንገዶች አሁንም አልፎ አልፎ የምትታየው አሮጌዋ ቮልስዋገን የምትጓዘው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ 911ም ከዚሁ ቤት ወረሰችው። የኋላው ዘንግ በአንዱ ጫፍ 40፣ በሌላው 44 ጥርስ አለው። አንዱን ጫፍ አንድ ጥርስ ወደ ፊት፣ ሌላውን አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ያዞረ መካኒክ የክንዱን ማዕዘን ከ1 ዲግሪ ባነሰ መጠን ያስተካክላል። እንዲህ ያለውን ብልሃት አውጥቶ በዘመናዊ ሞላ መተካት ይቻላል፤ መኪናዋም ይመቻታል። የሚጠፋው ግን ብረት ብቻ ሳይሆን አንድ አስተሳሰብ ነው።

እዚህ ላይ «እንደ ጥንቱ ይሁን» የሚለው ወገን የሚፈተንበት ነገር ይመጣል። ጥንቱ ራሱ እንከን ነበረበት። የ911 ሞተር ከኋላ ጎማዎች በስተኋላ የተቀመጠ በመሆኑ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል፤ በመታጠፊያ ላይ አሽከርካሪው በድንገት ነዳጅ ሲቀንስ ጅራቷ ይሸሻል። ፋብሪካው ይህን ለማረቅ ከፊት ፓራውልት ውስጥ እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ብረቶች ደበቀ። በ1968 ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከ2211 ወደ 2268 ሚሊሜትር አሳደገው። በ1989 ዘንጉን ራሱን ትቶ ወደ ተጠቀለለ ሞላ ተሻገረ። ደራሲው ራሱ ሥራውን እየደጋገመ ሲያርም ኖሯል ማለት ነው። እንግዲያስ አዳሹ የሚጠብቀው የትኛውን እትም ነው?

ሁለት መልሶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። የመጀመሪያው የፖርሸ ሙዚየም ነው። በ2014 በብራንደንቡርግ ከአንድ ጎተራ ውስጥ በዝገት የተበላች አሮጌ መኪና ተገኘች፤ የፊት ፓራፋንጎዎቿ አልነበሩም። ቁጥሯ ሲታይ ስሟ ከመለወጡ በፊት 901 ተብለው ከተሠሩት ጥቂቶች አንዷ፣ 57ኛዋ ሆና ተገኘች። ሙዚየሙ ገዝቶ ሦስት ዓመት ሠራባት። የጎደለውን በአዲስ ዕቃ ከመተካት ይልቅ ከዚያው ዘመን መኪና የተገኘ ዕቃ ተጠቀመ፤ የውስጧን ክፍል ጭምር፣ ቁራጭም ቢሆን ማቆየት የሚቻለውን ሁሉ አቆየ። በታኅሣሥ 2017 ለሕዝብ አሳያት።

ሁለተኛው መልስ ከካሊፎርኒያ ይመጣል። ካትሪን ዊል በተባለ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ውስጥ ድምፃዊ የነበረው ሮብ ዲኪንሰን በ2009 ሲንገር የተባለ ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ከ1989 እስከ 1994 የተሠሩትን 911ዎች ተቀብሎ እስከ አጥንታቸው ይገፋቸዋል። ከዚያ የካርቦን ፋይበር አካል፣ በእጅ የተሠራ የቆዳ ወንበር፣ አዲስ ሾክ አብዞርበር ያለብሳቸዋል። መልካቸው ግን ወደ ቀደምቶቹ 911ዎች ይመለሳል። የአያት ፊት በልጅ አካል ላይ ተሥሎ፣ የልጁ የገዛ ፊት ይጠፋል። ሥራው ውብ ነው፤ አሽከርካሪም ይመሰክርለታል። ምስክርነቱ ግን ስለ ዛሬ ምኞት እንጂ ስለ ትናንት እውነት አይደለም።

ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ለሙዚየም የምትታደስ መኪናና በየቀኑ መንገድ ላይ የምትውል መኪና አንድ ዓይነት ግዴታ የለባቸውም። ሰው በ50 ዓመት ጎሚኒ ላይ ነፍሱን አስይዞ እንዲነዳ የሚያስገድደው የለም። ልዩነቱ ያለው በእርማቱ መኖር ሳይሆን በእርማቱ መታየት ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያወጣው የቱሪን ቻርተርም መንፈሱ ይኸው ነው፤ ለውጥ ጥቂት ይሁን፣ ቢቻል ወደ ነበረበት የሚመለስ ይሁን፣ የተሠራው ሁሉ ይመዝገብ፣ የወጣው ዕቃ ከመኪናው ጋር ይቆይ።

ጥሩ አራሚ በደራሲው ጽሑፍ ላይ ሲሠራ የቀድሞው ቃል ከእርማቱ ሥር እንዲነበብ አድርጎ ይተወዋል። ወፍራም ዘንግ ያስገባ ቀጭኑን በዘይት አሽቶ ያስቀምጥ። አዲስ ቆዳ ያለበሰም በ1960ዎቹ በአንዳንዶቹ ወንበሮች ላይ ይታይ የነበረውን፣ ፔፒታ የተባለውን ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ከገፈፈ በኋላ አይጣለው። የተቀደደ ቢሆን እንኳ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ያኑረው፤ በላዩም ቀኑን ይጻፍበት። ከእኛ በኋላ የሚመጣው አዳሽ የኛን ምርጫ ላይወድደው ይችላል፤ እሱም የሚመርጥበት ጽሑፍ ሊተውለት ይገባል።