አንድ ግቢ ለስንት ቤተ ሰብ?
(ስለ አዳማ ከተማ የመኖሪያ ቦታ አከፋፈል)

ሰው ሲበዛ ምድር አብራ አትበዛም። ስለዚህ ለአንድ አባወራ የተሰጠ የከተማ ቦታ ውሎ አድሮ ለልጅ፥ ለልጅ ልጅና ለተከራይ መካፈሉ አይቀርም። መንግሥት በሥርዐት ካልከፈለው ችግር ራሱ ያለ ሥርዐት ይከፍለዋል። ይህንንም እውነት ከአዳማ ታሪክ አጉልቶ የሚያስረዳ ጥቂት ነውና፥ አንባብያን ነገሩን ከእኛ ጋር ይመረምሩት ዘንድ እንጋብዛለን።

አዳማ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ላይ ከተተከሉት ጣቢያዎች አንዱ ለዚች ከተማ መነሻ ሆነ። ሞጆና ቢሾፍቱም እንደ እርሷ በሐዲዱ ዳር አደጉ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት የሚለው ስም ወጥቶላት ሳለ፥ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ሠራተኛው፥ ነጋዴውና መኪና ነጂው ማደሪያ ፍለጋ ወደ ከተማዪቱ መጡ።

በዚያ ዘመን የከተማ ቦታ የግል ሀብት ነበር። ባለቦታው በግቢው መካከል ለራሱ ዋና ቤት ይሠራል፤ በአጥሩ ጥግ ደግሞ የሚከራዩ ክፍሎችን ይደረድራል። በር አንድ፥ ግቢ አንድ፥ መጸዳጃ ቤት አንድ ሆኖ፥ በውስጡ የሚኖረው ቤተ ሰብ ግን ብዙ ነው። እንግዲህ የቦታው መከፋፈል የተጀመረው ሕግ ስለ እርሱ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ነው ማለት ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ ወርኀዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተደረገ። ደኻው ተከራይ ከዚህ ያገኘውን ዕፎይታ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዐዋጁ በአንድ ግቢ ውስጥ የነበሩትን ቤቶች ለየባለቤቱ ሲለይ፥ ግቢውን ራሱን በአግባቡ አልከፈለውም። የፊተኛው ባለቤት በዋናው ቤት ሲቀር፥ በስተጓሮው ያሉት ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ። መተላለፊያው የማን ነው? መጸዳጃው ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማን ነው? የቧንቧው ሒሳብ በስንት ይካፈላል? የብዙ ጎረቤቶች ጠብ መነሻው ይኸው ነው።

ሕዝቡም በዚያው አልቆመም። የአዳማ ነዋሪ በ1987 ዓ.ም. ቈጠራ 127,842 ነበረ፤ በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ 220,212 ሆነ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተጨመረው ሰው የሚያድርበት ቤት ሁሉ በከተማዋ ዳርቻ አዲስ ቦታ ተመርቶ የተሠራ አይደለም። ከነባሩ ግቢ በስተጀርባ «ሰርቪስ» የሚባለው ክፍል በክፍል ላይ ተቀጠለ። ወንድማማቾችም የአባታቸውን ቦታ በኖራ መሥመር ተካፈሉ፤ ድርሻቸው ፕላኑ ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ስፋት በታች ሲሆን ግን ለየራሳቸው ካርታ ሊያወጡበት አልቻሉም። ካርታ የሌለው ወራሽ በቤቱ ዋስትና ሊበደር አይችልም፤ ጠንካራ ቤት ለመሥራትም ልቡ አይደፍርም።

ታዲያ ዝቅተኛውን ስፋት መቀነስ ብቻውን ይበቃልን? በአሜሪካ የሂዩስተን ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በመካከለኛው ክፍሏ ለአንድ ቤት የሚያስፈልገውን ቦታ ከ465 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 130 ካሬ ሜትር ገደማ ዝቅ አድርጋለች። በቀድሞው አንድ ቤት ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ቤቶች ተሠሩ፤ ባለቤቶቹም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የባለቤትነት ሰነድ ያዙ። ነገር ግን በዚያ ስፍራ መንገዱ፥ ውሃውና የቈሻሻ መውረጃው አስቀድሞ የተዘረጋ ነበር። መሬቱ ሲከፈል እነዚህ ሁሉ ቀድመው ይጠብቁት ነበር ማለት ነው።

የአዳማ ምድር ግን የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዪቱ በኮረብታዎች መካከል በዝቅተኛ ሜዳ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ በክረምት የሚወርደው ጎርፍ መውረጃ ይፈልጋል። ግቢው ሁሉ በቤትና በሲሚንቶ ከተሸፈነ ውሃው የሚሰርግበት አፈር ያጣል፤ ወደ ጎረቤትም ይገባል። በስምጥ ሸለቆው የጕድጓድ ውሃ ውስጥ ደግሞ ፍሎራይድ በብዛት ይገኛል፤ እርሱም ጥርስን ያበልዛል፥ አጥንትንም ይጐዳል። ስለዚህ ቦታ ተካፍሎ የወጣ አዲስ ቤተ ሰብ «ጕድጓድ ቈፍሬ እጠጣለሁ» ሊል አይችልም፤ ከከተማው ቧንቧ ጋር መገናኘት የግድ ያስፈልገዋል።

ለዚህ የሚረዱ መሣሪያዎች በእጃችን የሌሉ አይምሰለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መውጫ የሌለው መሬት ባለቤት ከጎረቤቱ መተላለፊያ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት ዐዋጅ ቍጥር 370 ደግሞ ሰው የራሱ ቤት ብቻውን ባለቤት፥ የደረጃውና የግቢው ከሌሎች ጋር የጋራ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል ደንግጓል። ይህን ሐሳብ ከፎቁ አውርዶ ለነባሩ ግቢ ማዋል ይገባል።

ስለዚህ የኛ አሳብ ይህ ነው። የከተማ ሹም ካሬ ሜትር ከመቍጠሩ በፊት የሚከፈለው ቦታ መተላለፊያ፥ የጎርፍ መውረጃ፥ ቧንቧና መጸዳጃ እንዳለው ይመልከት፤ እነዚህ ከተሟሉ ትንሹንም ድርሻ ለመመዝገብ አይፈራ። በጓሮ ክፍል የሚያድረው ተከራይም ሲከፈልና ሲፈርስ አይረሳ፤ ከተማዪቱን ተሸክሞ የኖረ እርሱ ነውና። የ1967ቱ ዐዋጅ የመሬቱን ስፋት በሚገባ ለካ፤ በግቢው ውስጥ የሚመላለሰውን ሰው መንገድ ግን ሳይለካ አለፈ። ያ የቀረው ልክ ዛሬም ለካቢውን ይጠብቃል።