የመስኮብ ባለቅኔዎች የቃል ማኅደር

እ.ኤ.አ. በ1820 ዓ.ም. የፒተርስበርግ ጠቅላይ ገዥ የነበረው ጄኔራል ሚሎራዶቪች፣ በንጉሠ ነገሥቱና በሹማምንቱ ላይ የተጻፉ ግጥሞች በእጅ እየተገለበጡ ከቤት ወደ ቤት መዘዋወራቸው ቢያሳስበው፣ የግጥሞቹ ደራሲ ነው የተባለውን የ20 ዓመት ወጣት አስጠርቶ ወረቀቶቹን እንዲያስረክብ በጠየቀው ጊዜ፣ አሌክሳንደር ፑሽኪን የሰጠው መልስ ወረቀቶቹ ሁሉ እንደ ተቃጠሉ፣ ነገር ግን ቀለምና ወረቀት ቢቀርብለት ሁሉንም በቃሉ ሊጽፍለት እንደሚችል ነበር። ቀረበለት፤ ተቀምጦም አንድ ደብተር ሙሉ ጻፈ። ጄኔራሉ የጦር ሰው ነበርና በወጣቱ ድፍረት ተደስቶ ሳቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ አሌክሳንደር ግን የሚስቅበት ምክንያት አላገኘምና ፑሽኪን ብዙም ሳይቆይ ከዋና ከተማው ርቆ ወደ ደቡብ አገር ተላከ።

ስለ መስኮብ ባለቅኔዎች ታላቅነት የሚናገሩ ሰዎች የመጻሕፍቱን ብዛትና የደራሲዎቹን ዝና መዘርዘር ይቀናቸዋል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ፣ የዚያ አገር ግጥም ከጥንት ከመሠረቱ ጀምሮ ማተሚያ ቤትን ሳይሆን የሰውን ልብ ማኅደሩ አድርጎ መኖሩ፣ ይህም ልማድ ለአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሳይቋረጥ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። መምህሩ በጉባኤ ፊት የዘረፈውን ቅኔ ተማሪው በአንድ መስማት ተቀብሎ ሲያዜም ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ በመስኮብ አገር ቃሉን መያዝ የትምህርት ሥርዓት መሆኑ ቀርቶ ውሎ አድሮ ሕይወትን የሚያስከፍል አደራ መሆኑ ነው።

መሠረቱን የጣሉት ከፑሽኪን በፊት የነበሩት ሊቃውንት ናቸው። መስኮቦች ለጸሎትና ለከፍተኛ ጽሕፈት የሚያገለግል ጥንታዊ የስላቮን ልሳን፣ ለቤትና ለገበያ ደግሞ ሌላ መነጋገሪያ ነበራቸው፤ ግጥማቸውም የቀለሙን ቍጥር ብቻ እየተከተለ ይሄድ ነበር። ትሬድያኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1735 ዓ.ም.፣ ከነጭ ባሕር ዳርቻ የመጣው የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሎሞኖሶቭ ደግሞ በ1739 ዓ.ም. ምጣኔው ጠበቅና ላላ ብለው በሚነገሩት ቀለማት አሰላለፍ ላይ እንዲመሠረት ሥርዓት አወጡ፤ ከዚያ ወዲህ የመስኮብ ግጥም እግር ያወጣ ያህል ሆነ፤ በምላስ ላይ የሚራመድ፣ አንድ ጊዜ የሰሙት ከጆሮ የማይወጣ ሆነ። ሎሞኖሶቭ ቋንቋውን በከፍተኛ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ደረጃ ለይቶ የስላቮኑን ቃል ለክብር፣ የመንደሩን ቃል ለቀልድ መድቦት ነበር። ፑሽኪን ግን የአባቶችን የቤተ ክርስቲያን ቃልና ከሞግዚቱ ከአሪና ሮዲዮኖቭና አፍ የሰማውን የገጠር ቃል በአንድ መስመር ላይ አጎራበታቸው፤ ከእሱ በኋላ የተነሡት እነ ጎጎልና እነ ቶልስቶይ የጻፉበት ልሳን ከዚህ ጉርብትና የተወለደ ነው።

ፑሽኪን የተማረበት ሊሲየም የተባለው ትምህርት ቤት በፒተርስበርግ አጠገብ በምትገኘው በጻርስኮዬ ሴሎ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋራ በተያያዘ ሕንፃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1811 ዓ.ም. በ30 ልጆች የተከፈተ ነው። በጃንዋሪ 1815 ዓ.ም. በተደረገው ፈተና ላይ የዘመኑ የባለቅኔዎች አለቃ፣ የ71 ዓመቱ ሽማግሌ ዴርዣቪን በክብር እንግድነት ተገኝቶ ነበር። ሽማግሌው በድካም ሲያንቀላፋ ቈይቶ ነገሩ ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲዞር ነቃ፤ የ15 ዓመቱም ፑሽኪን ከፊቱ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ የገዛ ግጥሙን በሚንቀጠቀጥ ድምፅ አነበበ። ዴርዣቪን ልጁን ሊያቅፍ ተነሣ፤ ልጁ ግን ሮጦ ጠፍቶ ነበርና ቢፈለግ አልተገኘም። በዚያው ቀን ባልንጀራው ዴልቪግ የታላቁን ሰው እጅ ሊስም በደረጃው ላይ ሲጠብቅ፣ ዴርዣቪን ገብቶ ከሁሉ አስቀድሞ ዘበኛውን የጠየቀው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደ ሆነ ነበርና ዴልቪግ ሐሳቡን ለውጦ እየሳቀ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ይህን ፑሽኪን ራሱ ጽፎ ባይተወው ኖሮ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ለማንሣት ባልደፈርሁ ነበር።

ግዞቱ ከደቡብ ተዛውሮ በእናቱ ርስት በሚካይሎቭስኮዬ በተወሰነ ጊዜ፣ የሊሲየም ጓደኛው ፑሽቺን በጃንዋሪ 1825 ዓ.ም. በበረዶ ላይ በሠረገላ ተጕዞ ሊጠይቀው መጣ፤ በስጦታ ያመጣለትም የግሪቦዬዶቭን በግጥም የተደረሰ ኮሜዲ በእጅ የተጻፈ ግልባጭ ነበር። ያ ተውኔት በሳንሱር ተይዞ ሳለ በግልባጭ ብቻ አገር ምድሩን የሞላ፣ አረፍተ ነገሩም በሰው አፍ ምሳሌያዊ አነጋገር እስከ መሆን የደረሰ ድርሰት ነው፤ ሳይቈረጥ ሙሉው የታተመው በ1862 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው በቴህራን በሁከት ከተገደለ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው። ፑሽኪን ተውኔቱን ለጓደኛው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሳለ በመስኮት አሻግሮ አየና ደንገጥ ብሎ፣ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን እንደኛ ስንክሳር በየወሩ የሚነበበውን የቅዱሳን ገድል ፈጥኖ ገለጠ። የገባው እንግዳ በአጠገቡ ያለው ገዳም አበ ምኔት ነበር፤ ግዞተኛውን ከሩቅ እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው እሱ ነበርና። ሻይ ቀረበ፤ ሮም የሚባለው መጠጥም በሻዩ ላይ ታከለበት፤ መነኵሴውም በደስታ ጠጥቶ ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ ፑሽኪን ስንክሳሩን ዘግቶ ኮሜዲውን ካቆመበት ቀጠለ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር የጦር መኮንኖች በዙፋኑ ላይ ዐመፁ፤ ዐምስቱ በስቅላት ተቀጡ፤ ከነዚያም አንዱ ራይሌዬቭ የተባለው ባለቅኔ ነበር። መርማሪዎቹ የተያዙትን ሰዎች ወረቀት ሲበረብሩ የፑሽኪን ግጥሞች በየቦታው እንደ ተገኙ በዕድሜ የሚበልጠው ወዳጁ ዡኮቭስኪ በደብዳቤ አስጠነቀቀው። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኒኮላይ ባለቅኔውን በ1826 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ አስመጥቶ ከግዞት ሲፈታው፣ ከእንግዲህ ሳንሱርህ እኔ ራሴ ነኝ አለው፤ ይህ ምሕረት ይሁን አዲስ እስራት ፑሽኪን ራሱ ቈይቶ ነው የተረዳው። የነሐሱ ፈረሰኛ የተባለው ታላቅ ድርሰቱ ንጉሡ ምልክት ስላደረገበት ደራሲው በሕይወት ሳለ ሙሉው ሳይታተም ቀረ። የቭጌኒ ኦኔጊን በተባለው የግጥም ልብ ወለድ ዐሥረኛ ምዕራፍ ያደረገው ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል፦ ሊሲየሙ በተከፈተበት ዕለት መታሰቢያ፣ በኦክቶበር 19 ቀን 1830 ዓ.ም. ምዕራፉን በእሳት አቃጥሎ፣ ከጥቂት አንጓዎች ብቻ መስመሮቹን አዘበራርቆ በምስጢር ጽሑፍ አስቀረ፤ ምስጢሩም እስከ 1910 ዓ.ም. ሳይፈታ ቆየ።

በ1837 ዓ.ም. ፑሽኪን ከፈረንሳዊው ከዳንቴስ ጋራ ሽጉጥ ተማዝዞ ቈስሎ ሲሞት፣ መንግሥቱ የሕዝቡን ኀዘን ፈርቶ አስከሬኑን በሌሊት በጠባቂ አጅቦ ያ አበ ምኔት ወደ ነበረበት ወደ ስቪያቶጎርስክ ገዳም አስወሰደው። ያን ጊዜ ገና የ22 ዓመት የፈረሰኛ መኮንን የነበረው ሌርሞንቶቭ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች የሚወቅስ የኀዘን ግጥም ጻፈ፤ ወዳጁ ራዬቭስኪም እየገለበጠ አሠራጨው። ደራሲው ወደ ካውካዝ፣ ገልባጩ ወደ ሰሜን ተጋዙ፤ ግጥሙ ግን በአገሩ እስኪታተም 20 ዓመት ያህል የፈጀ ቢሆንም ማንበብ የፈለገ ሁሉ ደርሶት ነበር። ሌርሞንቶቭ እንደ ፑሽኪን በሽጉጥ ፍልሚያ ሲወድቅ ዕድሜው 26 ብቻ ነበር።

ስለ ፑሽኪን ሲነሣ ያገራችን አንባቢ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለና ሳልነካው አላልፍም። ቅድመ አያቱ አብራም ሃኒባል በልጅነቱ ከቁስጥንጥንያ ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት የተወሰደ አፍሪካዊ፣ በኋላም የመስኮብ ጄኔራልና መሐንዲስ የሆነ ሰው ነው፤ ተወለድሁባት ያላትን ሎጎን የተባለች ስፍራ አንዳንዱ ሊቅ በሐማሴን፣ ሌላው በቻድ ሐይቅ አጠገብ ይፈልጋታል። ክርክሩ ስላልተዘጋ ደሙን መመዘኑን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ በአዲስ አበባ አደባባይ በስሙ መጠራቱ ግን ግጥሙን ላነበበ ሰው የትውልድ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ካገራችን ጋራ ከክርክር ውጭ የሆነው ግንኙነት የባለቅኔው የኒኮላይ ጉሚሌቭ ነው። ጉሚሌቭ በዚያችው በጻርስኮዬ ሴሎ፣ ባለቅኔው አኔንስኪ ዲሬክተር በነበረበት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሰው ነው። በ1913 ዓ.ም. የፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ሙዚየም ልኮት፣ የእኅቱን ልጅ አስከትሎ በጅቡቲ ገብቶ ድሬዳዋንና ሐረርን አልፎ በባሌ እስከ ሼክ ሁሴን ድረስ ዘለቀ፤ በሐረርም የግዛቱ ገዥ የነበሩትን፣ ገና 20 ዓመት ያለፋቸውን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ጐብኝቶ ፎቶግራፍ አነሣ። ለሙዚየሙ ዕቃ ሲሰበስብ፣ የሕዝቡን ዘፈንም በአስተርጓሚ እያስነገረ ይጽፍ ነበር፤ ድንኳን በተባለው የ1921 ዓ.ም. መድበሉም ስለ አቢሲኒያ የገጠመው ይገኛል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በሴራ ተከሶ ተረሸነ። መጻሕፍቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመታተም ታገዱ፤ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ የጉሚሌቭ ግጥም በእጅና በመኪና ግልባጭ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በቃል ኖረ።

የአደራው ክብደት ሙሉ በሙሉ የታየው ከዚህ በኋላ ነው። የጉሚሌቭ ባልንጀራ ኦሲፕ ማንዴልስታም በ1933 ዓ.ም. ስለ ስታሊን አንድ አጭር ግጥም ገጥሞ በወረቀት ሳያሰፍር ለጥቂት ወዳጆች በቃሉ አሰማ፤ ከሰሚዎቹ አንዱ አሳልፎ ሰጠውና በማግሥቱ ዓመት ተያዘ። ግጥሙን በገዛ እጁ በወረቀት ላይ ያሰፈረው በመርማሪው ክፍል ውስጥ ነው፤ ያም ወረቀት በመዝገቡ ውስጥ ተገኝቷል። ፑሽኪን በሚሎራዶቪች ፊት ተቀምጦ ደብተር ከሞላ 114 ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚህኛው ክፍል የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ማንዴልስታም በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ በቭላዲቮስቶክ አጠገብ በእስረኞች ሰፈር ሞተ፤ ሚስቱ ናዴዥዳ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በሌሊት ስትሠራ በመኪናዎቹ መካከል እየተመላለሰች የባሏን ግጥሞች ታነበንብ ነበር፤ አንድ ቃል እንዳይጠፋባት ለብዙ ዓመታት ይህን እንደ ዘወትር ጸሎት አዘወተረችው።

የጉሚሌቭ የቀድሞ ሚስት አና አኽማቶቫም ልጇ ሌቭ በታሰረበት ጊዜ በሌኒንግራድ እስር ቤት በር ከሌሎች እናቶች ጋራ ለ17 ወር ተሰልፋ፣ ረኵዬም የተባለውን የሙታን መታሰቢያ በዚያ ዘመን ደረሰች። ጸሐፊዋ ሊዲያ ቹኮቭስካያ እንደ መሰከረችው፣ አኽማቶቫ ግድግዳው ይሰማል ብላ ትፈራ ነበርና፣ ስለ ሻይ ወይም ስለ አየሩ ጮክ ብላ እያወራች በቍራጭ ወረቀት ላይ መስመሮቹን ጽፋ ታቀብላታለች፤ ቹኮቭስካያ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ አንብባ በልቧ ከያዘች በኋላ ትመልስላታለች፤ ወረቀቱም እዚያው በሲጋራው መተርኰሻ ላይ ይቃጠላል። አኽማቶቫ በኋላ ዘመን ስታስታውስ፣ ድርሰቱን በቃላቸው የያዙት 11 ሰዎች እንደ ነበሩና አንዳቸውም እንዳልከዷት ተናግራለች። መጀመሪያ የታተመው በ1963 ዓ.ም. በውጭ አገር በሙኒክ፣ በአገሯ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ነው፤ እሷ ከሞተች 21 ዓመት ሆኗት ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት የምዕራብ ኤውሮፓ ባለቅኔዎች ምጣኔንና ቤት መምታትን እየተዉ ሲሄዱ የመስኮቦቹ አብዛኞች እንደ ያዙት መቅረታቸውን አንዳንድ ተቺዎች እንደ ኋላ ቀርነት ቈጥረውባቸዋል። ቋንቋው ለቤት መምታት የተመቸ መሆኑ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ አልክድም፤ ነገር ግን ወረቀት በሚያስገድልበት አገር ምጣኔና ቤት መምቻ ጌጥ ብቻ ሳይሆኑ ቃሉ እንዳይፈስ የሚጠብቁ ማሰሪያዎች እንደ ነበሩ የሚዘነጋ ሰው ፍርዱ የቀለለ ይመስለኛል። በዚህ ምክንያት ደግሞ አሳዳጆቹን ለግጥሙ ጥራት የሚያመሰግኑ አሉ፤ ይህን አልቀበልም፤ በቃሉ ከያዘው ሰው ጋራ በበረዶ ውስጥ የተቀበረው ግጥም ስንት እንደ ሆነ የቈጠረ የለምና።

በአኽማቶቫ ደጅ የተማረው የመጨረሻው ታላቅ ደቀ መዝሙር ዮሲፍ ብሮድስኪ ነው። በ1964 ዓ.ም. ሥራ ፈት ተብሎ ሲከሰስ ዳኛዋ ከባለቅኔዎች ማን እንደ መደበው ጠየቀችው፤ እሱም ከሰው ልጅስ ወገን ማን መደበኝ ብሎ መለሰ፤ ጋዜጠኛዋ ቪግዶሮቫ በችሎቱ ተቀምጣ የጻፈችው ቃልም በግልባጭ አገር ለአገር ዞረ። ወደ አርካንጌልስክ ገጠር ተጋዘ፤ በ1972 ዓ.ም. ካገሩ ተባረረ፤ ረኵዬም በአገሯ በታተመችበት በ1987 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምር ተማሪዎቹን ብዙ መስመር ግጥም በቃላቸው እንዲይዙ ያስገድዳቸው ነበር፤ መጽሐፉ በገበያ ሞልቶ ሳለ ይህ ምን ይረዳናል እያሉ የሚያጕረመርሙ ቢኖሩም፣ እሱ ትእዛዙን አላነሣላቸውም።