የማታ ጨዋታ በይጁቤና በአካባቢዋ

በባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በይጁቤም ሆነ በቀረው የጎጃም ደጋ፣ ሬዲዮ ከመግባቱ በፊት የቤት ውስጥ መዝናኛ በምድጃ ዙሪያ የሚካሄድ፣ ሥራንም የማያስተጓጉል ጨዋታ ነበር፤ እናቶች ጥጥ እየፈተሉ ተረት ሲያወሩ ልጆች እንቆቅልሽ ይጠያየቁ ነበር። በእንቆቅልሽ መልሱ የጠፋበት ወገን «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ይህም ተሸናፊው አንድ አገር በስም ሰጥቶ ጠያቂው መልሱን የሚገልጥበት ሥርዓት ሲሆን፣ ልጆችን የቦታ ስሞች ማስተማሩ ሳይታሰብ የተገኘ ትርፍ ይመስላል። በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የሬዲዮ ሥርጭት ወደ ገጠር ቤቶች በስፋት የዘለቀው ግን ትራንዚስተር የሚባለው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሽ ሬዲዮ ከመጣ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተናጋሪው ከቤተሰቡ ውጭ ሆነ፣ ቤተሰቡም አድማጭ። የካሴት ማጫወቻ በበኩሉ፣ በሠርግና በድግስ ይሰማ የነበረውን መሰንቆ ያለ አዝማሪው ወደ ቤት አስገባ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ቢጀምርም ኤሌክትሪክ ስለሚፈልግ ገጠሩን የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ እያንዳንዱን ለየብቻው ያጫውታል፤ በዚህ ሁሉ ለውጥ ይበልጥ የተጎዳው እንቆቅልሽ ነው፣ ያለ ተጠያቂ አይሆንምና።