የሹመት ፈተናና የፍርድ ሚዛን በኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1898 ማንሃታንና ብሩክሊን፣ ኩዊንስና ብሮንክስ፣ ስታተን አይላንድም ጭምር ተጠቃለው ታላቋ ኒው ዮርክ በተመሠረተች ጊዜ፣ አዲሱን አስተዳደር ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ የመምህራን ሹመት ነበር። ከዚያ በፊት የማስተማርም ሆነ ትምህርት ቤት የማስተዳደር ሥራ፣ ታማኒ ሆልን የመሰሉ የፖለቲካ ማኅበራትን ደጅ የጠና ወይም ከሹማምንቱ ጋር ዝምድናና ውለታ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እንጀራ ስለ ነበር፣ ይህን ልማድ ለማስቀረት የፈታኞች ጉባኤ የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ የጉባኤውን ፈተና አልፎ የከተማውን ፈቃድ ያልተቀበለ መምህር ወደ ምክትልነትና ወደ ርእሰ መምህርነት መዓርግ በቋሚነት ሊወጣ የማይችል ሆነ።

የፈተናው ሥርዓት ረጅምና ጥብቅ ነበር። አመልካቹ በመጀመሪያ ለጽሑፍ ፈተና ይቀመጣል፤ ያን ያለፈ እንደ ሆነ በፈታኞች ፊት ቀርቦ በቃል ይጠየቃል፤ በዚህም ጊዜ የሐሳቡ ብስለት ብቻ ሳይሆን የእንግሊዝኛ አነጋገሩ ሳይቀር ይመዘናል፤ የቀደመ አገልግሎቱም ከተመረመረ በኋላ፣ ሁሉ ከተሳካለት፣ ስሙ በዝርዝር ላይ ሰፍሮ ቦታ እስኪከፈት ድረስ ተራውን ይጠብቃል። አማላጅ ለሌለው ሰው ይህ ታላቅ ጸጋ ነበር። በተለይም ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱት አይሁድ ልጆች፣ በሌላ ሥራ በር የሚዘጋባቸው ሁሉ፣ መጽሐፋቸውን አጥንተው በዚህ መንገድ ወደ መምህርነትና ወደ አስተዳዳሪነት ስለ ወጡ፣ ፈተናው በእነርሱ ዘንድ የፍትሕ ምልክት ሆኖ ቢከበር የሚያስደንቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከደቡብ ግዛቶች የመጡት ጥቁሮችና ከደሴታቸው የፈለሱት ፖርቶ ሪካውያን በከተማዪቱ እየበዙ ሄደው፣ ልጆቻቸው ከተማሪው ቁጥር ከግማሽ በላይ በሆኑበት ሰዓት፣ በየትምህርት ቤቱ አለቃ ሆነው የሚታዩት ግን ከሞላ ጎደል ነጮች ብቻ ነበሩ። በ1968 ኦሽን ሂል ብራውንስቪል በተባለው የብሩክሊን ሰፈር ወላጆች ትምህርት ቤቶቻቸውን ራሳቸው ለማስተዳደር በተነሡ ጊዜ ከመምህራን ማኅበር ጋር የገጠሙት ጠብ ከተማዪቱን የከፈለ የሥራ ማቆም አድማ አስከተለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ ሥልጣኑን ለየወረዳው ቦርዶች ቢያካፍልም፣ የፈታኞችን ጉባኤ ግን እንደ ነበረ ተወው። ስለዚህ የወረዳው ቦርድ የወደደውን ሰው በተጠባባቂነት ሊያስቀምጥ እንጂ ቋሚ ሹመት ሊሰጠው አይችልም ነበር።

በዚህ ዓይነት በተጠባባቂነት ትምህርት ቤት ይመሩ ከነበሩት መካከል፣ ቦስተን ቻንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊና ሉዊስ መርካዶ የተባለው ፖርቶ ሪካዊ፣ ሥራውን በእጃቸው እየሠሩ መዓርጉ ግን የተከለከላቸው ሰዎች እንደ መሆናቸው፣ በሴፕቴምበር 1970 በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። የክሳቸውም ፍሬ ነገር፣ ፈተናው ጥቁሮችንና ፖርቶ ሪካውያንን ከነጮች ይልቅ የሚጥል ከመሆኑም በላይ፣ ጥሩ አስተዳዳሪን ከደካማው ለይቶ አያሳይም የሚል ነበር። የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ የነበረው ሃርቪ ስክሪብነር ራሱ የተከሳሾች ወገን ሆኖ ሳለ ለፈተናው ጥብቅና ለመቆም እንቢ ማለቱ፣ ክርክሩ ምን ያህል ወደ ቤቱ ዘልቆ እንደ ገባ ያመለክታል።

ዳኛው ዋልተር ማንስፊልድ የቀረቡለትን ቁጥሮች መረመረ። ከ862 ርእሰ መምህራን ጥቁሮቹ 1.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ፖርቶ ሪካዊው አንድ ብቻ ነበር፤ በዲትሮይትና በፊላዴልፊያ ግን የጥቁሮቹ ድርሻ 16.7 በመቶ ነበር። በአለፉት ዓመታት ከተፈተኑት ነጮች 44.3 በመቶ ሲያልፉ፣ ከጥቁሮችና ከፖርቶ ሪካውያን ያለፉት 31.4 በመቶ ናቸው። ዳኛው ጉባኤው ሆን ብሎ አድልቷል አላለም፤ ዳሩ ግን ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ከሚያስፈልገው ችሎታ ይልቅ በቃል የማጥናትን ኃይል የሚለኩ መስለው ስለ ታዩት፣ ፈተናው ከሥራው ጋር መስማማቱን የማስረዳት ኃላፊነት በፈታኞቹ ላይ መሆኑን አስታውቆ፣ በጁላይ 14 ቀን 1971 እግድ ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት የይግባኙ ፍርድ ቤት አጸናው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ለከሳሾች ወገን የቀና ነበር ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከተማዪቱ በገንዘብ ችግር ተይዛ የአስተዳዳሪዎችን ቦታ መቀነስ በጀመረች ጊዜ፣ ኋላ የተሾመ አስቀድሞ ይነሣ በሚለው ደንብ መሠረት የሚነሡት በአብዛኛው አዲስ የገቡት ጥቁሮችና ፖርቶ ሪካውያን እንዳይሆኑ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት በዘር ድርሻ ላይ የተመሠረተ ሥርዓት ቢያዝ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1976 ይህን ለመቀበል አልፈቀደም፤ አንዱን ወገን ለማንሣት ሌላውን በዘሩ ምክንያት ከቦታው ማውረድ በፍትሕ ዓይን ሲታይ ቀላል ጉዳይ አልነበረምና።

የፈታኞች ጉባኤ በ1990 ፈረሰ። በየወረዳው የተነሣው ስሞታ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ ፈተናው በላላበት ስፍራ አንዳንድ የወረዳ ቦርዶች ወዳጅና ዘመድ ይሾማሉ ተብለው ስለ ተከሰሱ፣ የግዛቱ ምክር ቤት በ1996 ባወጣው ሕግ ከሹመት ሥልጣናቸው ብዙውን ወሰደባቸው። እንግዲህ በ1971 የተፈረደው ፍርድ ፈተና ሁሉ ይጥፋ የሚል እንዳልነበረ መገንዘብ ያስፈልጋል፤ የተጠየቀው፣ ሚዛን የያዘ ሰው ሚዛኑ የሚመዝነው ያን ሥራ መሆኑን እንዲያስረዳ ብቻ ነው። የዕድገት መመሪያ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህን ጥያቄ ከሳሽ ሳይመጣበት አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ፣ ከችሎት ፊት የሚቀርበው ክርክር እጅግ ባነሰ ነበር።