የተበጠሰ ዲ ኤን ኤ እና መንገድ ጠራጊዎቹ ፕሮቲኖች፦ በእርሾ ላይ የተደረገው ምርምር አጭር ታሪክ

የዲ ኤን ኤ ሁለቱ ዘንጎች ባንድ ስፍራ ሲበጠሱ ሕዋስ እጅግ ይቸገራል፤ አንዲት ስብራት እንኳ ሳትጠገን ብትቀር ለሞት ልታበቃው ትችላለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለው ስብራቱን የሚጠግኑትን ፕሮቲኖች ሳይሆን፣ ለእነርሱ መንገድ የሚጠርጉትን ነው። ዲ ኤን ኤ ራቁቱን አይገኝምና። ሮጀር ኮርንበርግ በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ስምንት ስምንት ሆነው ከተሰበሰቡ ሂስቶኖች ጋራ ተጣምሮ ይኖራል፤ ይህም ጥምረት ክሮማቲን ይባላል።

ምርምሩ በእርሾ ላይ የበረታበት ምክንያት አለው። ይህ ዳቦ የሚነፋው፣ ጠጅም የሚያፈላው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት፣ ጾታውን በሚለውጥበት ጊዜ ኤች ኦ በሚባል ኤንዛይም የገዛ ዲ ኤን ኤውን ይቈርጣል። ስትራተርንና ባልደረቦቹ ይህን በ1982 ገለጹ። ከዚያ ወዲያ ተመራማሪዎች ኤንዛይሙን በጋላክቶስ ስኳር እንዲቀሰቀስ አድርገው፣ በፈለጉት ሰዓት ባንድ በታወቀ ስፍራ ስብራት ለማድረስ ቻሉ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1984 አንዳንዶች ጾታውን መለወጥ ያቃተውን እርሾ፣ ሌሎች ደግሞ ሱክሮስ መመገብ የተሳነውን ሲመረምሩ፣ የፊተኞቹ ስዊ፣ የኋለኞቹ ስኒፍ ያሏቸውን ጂኖች አገኙ። ኋላ ሲታይ ከእነዚህ ብዙዎቹ ባንድ ማኅበር የሚሠሩ ፕሮቲኖች ምንጭ ናቸው፤ ማኅበሩም በኤ ቲ ፒ ኀይል ሂስቶኖችን እንደሚያላላ በ1994 ታወቀ። ስዊ የጐደለው እርሾ ጾታውን ያልለወጠው የኤች ኦ ጂን ስላልተነበበ ነበር፤ ማለት ስብራቱ ከቶ አልደረሰም። ነገር ግን በ2005 የሎረንት ባልደረቦች፣ ስብራቱ በሌላ መንገድ ቢደርስም እንኳ ይኸው ማኅበር ለጥገናው እንደሚያስፈልግ አሳዩ።

ተጠራጣሪ ሰው ግን፦ «እነዚህ ፕሮቲኖች የብዙ ጂኖችን ንባብ ያዛሉ፤ ጥገናው የደከመው ጠጋኞቹ ሳይሠሩ ቀርተው ቢሆንስ?» ሊል ይችላል። ጥርጣሬው ተገቢ ይመስለናል። መልስ የሚሆነው ፕሮቲኑን ከስብራቱ ዘንድ መያዝ ብቻ ነው። ዳውንስ፣ ላውንደስና ጃክሰን በ2000፣ ስብራት ሲደርስ የሂስቶን ኤች 2 ኤ ጅራት በ129ኛው ሴሪን ላይ ፎስፌት እንደሚለጠፍበት አሳይተው ነበር። በ2004 የሱዛን ጋሰርና የሹዌቶንግ ሼን ቡድኖች፣ አይ ኤን ኦ 80 የተባለው ሌላ ማኅበር በዚሁ ምልክት እየተመራ ወደ ስብራቱ እንደሚመጣ አረጋገጡ። በእኛ አስተያየት የታሪኩ ማዕከል ይህ ነው።

ጉዳዩ ግን በዚያ አልተዘጋም። በ2012 ፈን 30 የተባለው ፕሮቲን ሲጐድል፣ የተበጠሰውን ጫፍ ከአንድ ወገን የመላጩ ሥራ እንደሚዘገይ ታወቀ። ራድ 9 ሲወገድ ግን ፈን 30 ያን ያህል አያስፈልግም። ራድ 9 በክሮማቲኑ ላይ ተቀምጦ መላጩን ያግዳልና፤ ለመቀመጥም ያው የኤች 2 ኤ ምልክት ይረዳዋል። ከፋቹን የሚጠራው ምልክት ለከልካዩም ወንበር የሚዘረጋ ሆኖ ተገኘ።